የአዳዲስ ኮምፒውተሮች ዋስትና በመጋዘን እንዳያልቅ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ የሚሰጡት አገልግሎት ከዓመት ወደ ዓመት በኮምፒውተር ላይ ይበልጥ እየተመሠረተ መምጣቱ ይታወቃል። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂም ሆነ በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በመጨረሻ የሚደገፉት በሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ማሽን ነው። ማሽኑ በቆመ ጊዜ ፋይሉ አይከፈትም፣ ክፍያው አይመዘገብም፤ ከሩቅ የመጣው ባለጉዳይም «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል።

ለዚህም ሲባል በየበጀት ዓመቱ ለኮምፒውተርና ተጓዳኝ ዕቃዎች ግዥ ገንዘብ ይመደባል። ይሁንና በዚያው ገንዘብ አብሮ የሚገዛ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ትኩረት የማይሰጠው አንድ መብት አለ። ይኸውም በተለምዶ «ዋራንቲ» እየተባለ የሚጠራው፣ ዕቃው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቢበላሽ ያለተጨማሪ ክፍያ እንዲጠገን ወይም እንዲለወጥ የሚያስችለው ዋስትና ነው። የዋስትናው ዋጋ በዕቃው ዋጋ ውስጥ የተካተተ በመሆኑ መሥሪያ ቤቱ ሳይጠቀምበት ጊዜው ቢያልፍ የተከፈለበትን አገልግሎት ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው።

ይህ መብት የሚታጣው አቅራቢው ግዴታውን አልወጣም በማለቱ ብቻ እንዳልሆነ በግዥና በንብረት አስተዳደር ሥራ ላይ የቆዩ ባለሙያዎች ያውቁታል። ውሉ ሲዘጋጅ፣ ዕቃው ሲገባ፣ ብልሽቱ ሲታወቅና ጥያቄው ሲቀርብ የሚፈጸሙ ግድፈቶች ተደማምረው መሥሪያ ቤቱ ጠያቂ መሆን ሲገባው ባዶ እጁን እንዲቀር ያደርጉታል። በመሆኑም ጉዳዩ በቅድሚያ መታየት ያለበት ከገዢው መሥሪያ ቤት የውስጥ አሠራር አንጻር ነው።

አዲስ ዕቃም ይበላሻል

አዲስ ማሽን አይበላሽም የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የብልሽት መጠን በአብዛኛው ከፍ የሚለው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዕቃው ሥራ በጀመረባቸው ሳምንታትና ወራት ሲሆን፣ ምክንያቱም በፋብሪካ ያልታዩ ጉድለቶች በአገልግሎት ላይ ስለሚጋለጡ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዕቃው በእርጅና ሲደክም ነው። ዋስትና በዋነኛነት የሚሸፍነው የመጀመሪያውን ወቅት ነው።

በዓለም ገበያ ስመ ጥር የሆኑ አምራቾችም ከዚህ ችግር አላመለጡም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 በነበሩት ዓመታት ለመሥሪያ ቤቶች በብዛት ከተሸጡት የዴል ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ 270 እና ጂኤክስ 280 ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ በማዘርቦርዳቸው ላይ ያሉት ካፓሲተሮች እያበጡና እየፈሰሱ ከአገልግሎት ውጪ ሆነዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2005 ለዚሁ ችግር መፍትሔ 300 ሚሊዮን ዶላር መያዙን አስታውቆ ነበር። ኢንቴል በበኩሉ እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ከሁለተኛው ትውልድ ኮር ፕሮሰሰሮቹ ጋር ያቀረበው ቺፕሴት የዲስክ መገናኛው በጊዜ ሂደት እንደሚዳከም በማረጋገጡ ሥርጭቱን አቁሞ፣ ለጥገናና ለመተካት 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪ እንደሚጠይቀው ገምቶ ነበር። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ በታየው ያለመረጋጋት ችግር የተነሳ የተጠቀሱ ሞዴሎችን ዋስትና በሁለት ዓመት አራዝሟል።

እነዚህ አጋጣሚዎች ለመሥሪያ ቤቶች ግልጽ ትምህርት አላቸው። አምራቹ ችግሩን አምኖ ዋስትናውን ቢያራዝም እንኳ ተጠቃሚ የሚሆነው የትኛው ሞዴል፣ በየትኛው ተከታታይ ቁጥር፣ በየትኛው ክፍል እንደሚገኝ መዝግቦ የያዘ መሥሪያ ቤት ነው። በንብረት መዝገቡ ላይ «ኮምፒውተር 40» ብሎ ብቻ የጻፈ መሥሪያ ቤት የራሱ ማሽኖች ከተራዘመው ዋስትና ይካተቱ እንደሆነ እንኳ ለማወቅ ይቸገራል።

የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ከየት ይመነጫል?

አንድ ግለሰብ ለራሱ የገዛው ኮምፒውተር ቢበላሽ አስቀድሞ የሚጠቅሰው የሸማቾች ጥበቃ ሕግን ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን «ሸማች» የሚለውን ቃል የተረጎመው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚገዛ የተፈጥሮ ሰው በማለት ነው። ከዚህ ትርጉም እንደምንረዳው መሥሪያ ቤት ሸማች አይደለም። በመሆኑም ለግለሰቡ የተዘረጋው ጥበቃ መሥሪያ ቤቱንም ይሸፍነዋል ብሎ መዘናጋት ስህተት ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ በሦስት እርከኖች የሚታይ ነው። የመጀመሪያው ሕጉ ራሱ የሚሰጠው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሽያጭ ውልን በሚመለከተው ክፍሉ፣ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ነገር ግን ሕጉ በገዢውም ላይ ግዴታ ጥሏል። ገዢው ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ማስታወቂያው ከተሰጠ በኋላም መብቱን በክስ ለመጠየቅ የተቀመጠው ጊዜ አንድ ዓመት ነው።

ሁለተኛው እርከን ከአቅራቢው ጋር የሚገባው ውል ሲሆን፣ ሦስተኛው አምራቹ ለምርቱ የሚሰጠው ዋስትና ነው። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ይታያሉ፤ በተግባር ግን ይለያያሉ። የአምራቹ ዋስትና በየአገሩ የሚለያይ ሊሆን ይችላል። ለሌላ አገር ገበያ ተመርቶ በሦስተኛ ወገን የገባ ማሽን በአዲስ አበባ በሚገኝ የአምራቹ ወኪል ዘንድ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። በአንጻሩ አቅራቢው በውሉ የገባው ግዴታ የአምራቹ አቋም ምንም ይሁን ምን የሚጸና ነው። ስለዚህ በውሉ ውስጥ ኃላፊነቱን የሚወስደው አቅራቢው መሆኑ፣ የጥገና ማዕከሉ የሚገኝበት ቦታ፣ እንዲሁም ጥገናው ማሽኑ ባለበት ቦታ ይሰጥ ወይም ማሽኑ ወደ ማዕከሉ ይወሰድ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ለክልልና ለወረዳ መሥሪያ ቤቶች ከፍተኛ ትርጉም አለው። ጥገናው የሚሰጠው በአዲስ አበባ ብቻ ከሆነ ከሩቅ ወረዳ አንድ ማሽን ለማመላለስ የሚወጣው የትራንስፖርትና የውሎ አበል ወጪ ከጥገናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ዋስትና በወረቀት ላይ ቢኖርም በተግባር እንደሌለ ይቆጠራል። በጨረታ ግምገማ ወቅትም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተጫራች ዋጋውን የቀነሰው የዋስትናውን ጊዜና ስፋት በመቀነስ እንዳይሆን ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው?

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 የሚዘጋ በመሆኑ ብዙ ግዥዎች በዓመቱ የመጨረሻ ወራት ሲከማቹ ይስተዋላል። በሰኔ ወር የገቡ ኮምፒውተሮች በሞዴል 19 ገቢ ከሆኑ በኋላ ሐምሌና ነሐሴን በመጋዘን ያሳልፋሉ። የቢሮ ዕድሳት እስኪጠናቀቅ፣ የኔትወርክ መስመር እስኪዘረጋ ወይም የሠራተኛ ምደባ እስኪጸድቅ በሚል ምክንያትም የመውጫው ሞዴል 22 ሳይዘጋጅ ወራት ይቆጠራሉ።

ለአብነት ያህል የ12 ወር ዋስትና ያለው ኮምፒውተር ሰኔ 20 ቀን ተረክቦ ኅዳር 20 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢከፈት ከዋስትናው አምስት ወር ከካርቶኑ ሳይወጣ አልፏል። በፋብሪካ የተፈጠረው ጉድለት በአገልግሎት በስምንተኛው ወር ቢጋለጥ ደግሞ ዋስትናው ያበቃው ከአንድ ወር በፊት ይሆናል። አቅራቢው ጥያቄውን ባይቀበል ውሉን ጠቅሶ ነው፤ ጥፋቱ በመጋዘን ያለፈው ጊዜ ነው።

ጉዳዩን የበለጠ ጠባብ የሚያደርጉ ውሎችም አሉ። በዓለም ባንክ መደበኛ የዕቃ ግዥ ጨረታ ሰነድ ውስጥ የሚገኘው የተለመደ አንቀጽ ዋስትናው የሚጸናው ዕቃው በመጨረሻው መድረሻ ተረክቦ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ለ12 ወራት፣ ወይም ዕቃው ከተነሳበት አገር ወደብ ከተጫነበት ቀን አንስቶ ለ18 ወራት ሆኖ፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሚያበቃው እንደሚሆን ይገልጻል። በዚህ ስሌት ዕቃው ከመጫኛው ወደብ ተነስቶ በጅቡቲ በኩል ገብቶ፣ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱን ጨርሶ እስኪረከቡት ስምንት ወር ቢፈጅ ለመሥሪያ ቤቱ የሚተርፈው 10 ወር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው አንቀጽ እንደ ግዥው ባሕርይ በልዩ የውል ሁኔታዎች ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ ሰነዱን የሚያዘጋጀው ባለሙያ የትራንስፖርቱን ጊዜ አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።

ከአምራቹ ዋስትና አንጻርም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታላላቅ አምራቾች በድረ ገጾቻቸው ላይ የማሽኑን ተከታታይ ቁጥር በማስገባት ዋስትናው የጀመረበትንና የሚያበቃበትን ቀን ለማየት የሚያስችል አገልግሎት አላቸው። የቴክኒክ ኮሚቴው ርክክቡን ከመፈረሙ በፊት ይህን ፍተሻ ቢያደርግ ማሽኑ በአስመጪው መጋዘን ስንት ወር እንደቆየ ሊያውቅ ይችላል። ልዩነት ከተገኘም አቅራቢው ቀሪውን ጊዜ በራሱ ኃላፊነት እንደሚሸፍን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ የሚጠየቀው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ነው። ማሽኑ የሦስት ዓመት ዋስትና ቢኖረው እንኳ የላፕቶፕ ባትሪ በብዙ አምራቾች ዘንድ የሚሸፈነው ለአንድ ዓመት ብቻ መሆኑም በዚሁ አጋጣሚ ሊታይ የሚገባው ነው።

ርክክቡ በራሱ ካርቶን ከመቁጠር ማለፍ አለበት። እያንዳንዱ ማሽን ተከፍቶ፣ ለተወሰኑ ሰዓታት ሠርቶ፣ የማስታወሻና የዲስክ መጠኑ ከዝርዝር መግለጫው ጋር ተመሳክሮ፣ ተከታታይ ቁጥሩ ተመዝግቦ ሊገባ ይገባል። በርክክብ ወቅት የተገኘ ጉድለት ዕቃውን ባለመቀበል ብቻ የሚፈታ ሲሆን፣ ከፊርማ በኋላ የተገኘ ጉድለት ግን ደብዳቤ፣ ምርመራና ክርክር ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው የአንድ ቀን ፍተሻ የብዙ ወራት ምልልስን ያስቀራል።

ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ

ብልሽት ባጋጠመ ጊዜ ለአቅራቢው ስልክ መደወል የተለመደ ነው። ስልኩ ሥራውን ሊያፋጥን ቢችልም በኋላ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ አይሆንም። ባለሙያ እንደሚላክ ተነግሮ ሳምንታት ካለፉና በዚያው መካከል የዋስትናው ጊዜ ካበቃ መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ ማመልከቱን የሚያስረዳበት ወረቀት አይኖረውም። ስለሆነም ብልሽቱ በታወቀ በቀናት ውስጥ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ለአቅራቢው ሊደርስና በግልባጩ ላይ የተቀባዩ ፊርማና ማኅተም ሊያርፍበት ይገባል።

ደብዳቤው የውሉን ቁጥር፣ የገቢ ሞዴሉን ቁጥርና ቀን፣ የማሽኑን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር፣ ብልሽቱ የታየበትን ቀንና ምልክቱን መያዝ አለበት። «ኮምፒውተሩ አይሠራም» የሚል ጥቅል አገላለጽ ለአቅራቢው ችግሩ የሶፍትዌር ነው ብሎ ለመመለስ በር ይከፍታል። በብዙ ማሽኖች ላይ ሲበሩ የሚሠራ መፈተሻ ፕሮግራም ስለሚገኝ የመሥሪያ ቤቱ የአይሲቲ ባለሙያ ይህን አስነስቶ የሚያሳየውን የስህተት ቁጥር ከፎቶግራፍ ጋር ቢያያይዝ ክርክሩ በአጭሩ ይቋጫል። ፍተሻው ችግሩ የቫይረስ ወይም የፕሮግራም መሆኑን ካሳየ ደግሞ በዋስትና የማይሸፈን በመሆኑ እዚያው መፍትሔ ሊሰጠው ይችላል።

ማሽኑ ለጥገና ከግቢ ሲወጣ የዕቃ መውጫ ፈቃድ ከመያዙ በተጨማሪ በውስጡ ያለው የማስታወሻ፣ የዲስክና የቻርጀር ዓይነት በርክክብ ቅጽ ላይ ሊሰፍር ይገባል። ተጠግኖ ሲመለስም በዚያው ቅጽ መሠረት ይረጋገጣል። ማሽኑ በጥገና ላይ የቆየበት ጊዜ በዋስትናው ላይ እንዲታከል፣ ተመሳሳይ ብልሽት በተደጋጋሚ ከታየም በሌላ አዲስ ማሽን እንዲተካ የሚያስገድድ አንቀጽ በውሉ ቢካተት መሥሪያ ቤቱን ከማያቋርጥ ምልልስ ያድነዋል።

ከአቅራቢዎች ከሚቀርቡ የመከላከያ ምክንያቶች መካከል በዋነኛነት የሚጠቀሱት የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅና የማሽኑ በሌላ ሰው መከፈት ናቸው። ከመጠን ባለፈ ኃይል የተቃጠለ ዕቃ በአብዛኛው የዋስትና ሰነድ ከሽፋን ውጪ ነው። መሥሪያ ቤቱ ማሽኖቹን በዩፒኤስ ወይም በስታቢላይዘር በኩል ማገናኘቱን በመዝገብ ቢይዝ ይህን ምክንያት ለመከላከል ይረዳዋል። ሁለተኛውን በሚመለከት፣ ሥራ እንዳይቆም በቅን ልቦና ማሽኑን የፈታ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያም ሆነ ከመንደር የመጣ ጠጋኝ ማሸጊያውን ቀደደ ማለት ዋስትናውን ለአደጋ አጋለጠ ማለት ነው። በመሆኑም ዋስትናው ያላለቀ ማሽን በግልጽ የሚታይ ምልክት ተለጥፎበት ከአቅራቢው የጽሑፍ ፈቃድ ውጪ እንዳይከፈት ማድረግ ይገባል።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው የመረጃ ደህንነት ነው። ዋስትና ዕቃውን እንጂ በውስጡ ያለውን መረጃ አይሸፍንም፤ ጥገና ላይ ዲስኩ ሊለወጥ ወይም ሊጠፋ ይችላል። በዲስኩ ላይ የሠራተኞች ማኅደር፣ የግብር ከፋዮች ወይም የባለጉዳዮች መረጃ ሊኖር ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃውን በያዘው አካል ላይ የጥበቃ ግዴታ ጥሏል። የተበላሸ ዲስክ ከመሥሪያ ቤቱ ሳይወጣ አዲስ እንዲተካለት የሚፈቅድ አገልግሎት ከታላላቅ አምራቾች በተጨማሪ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ፣ ጥብቅ መረጃ የሚይዙ መሥሪያ ቤቶች ይህን በግዥ ፍላጎታቸው ውስጥ ሊያካትቱት ይገባል።

አቅራቢው ግዴታውን ባይወጣ

አቅራቢዎችም የራሳቸው ችግር እንዳለባቸው መካድ አይቻልም። መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ የውጭ ምንዛሪና የማጓጓዣ ጊዜ ይጠይቃል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ይታወሳል። ከዚያ በፊት በነበረው ዋጋ የተዋዋለ አስመጪ የመለዋወጫ ወጪው በብር ሲታይ በእጅጉ ጨምሮበታል። ይሁን እንጂ ይኸው ለውጥ ለመሥሪያ ቤቱም የሚያስከትለው ውጤት አለ። ዋስትናው ያለፈበትን ማሽን በአዲስ ለመተካት የሚጠየቀው ብር ከቀድሞው የበለጠ ስለሚሆን ያልተጠቀሙበት ዋስትና የሚያስከትለው ጉዳትም በዚያው መጠን ከፍ ብሏል።

መለዋወጫ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ሥራው እንዳይስተጓጎል አቅራቢው ጊዜያዊ ምትክ ማሽን እንዲያቀርብ በውሉ ማስፈር ለሁለቱም ወገን የሚበጅ መፍትሔ ነው። በውሉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ካልጠገነ ወይም ካልለወጠ ግን መሥሪያ ቤቱ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ከላይ በተጠቀሰው መደበኛ ሰነድ መሠረት ገዢው ተገቢውን እርምጃ ራሱ ወስዶ ወጪውን በአቅራቢው ላይ ሊያደርግ ይችላል። የውል ማስከበሪያው ዋስትናም በልዩ የውል ሁኔታዎች ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር የሚመለሰው አቅራቢው የዋስትና ግዴታውን ጨምሮ ግዴታዎቹን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ ባሉት 28 ቀናት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአሠራር ክፍተት ይታያል። ዕቃው ገቢ ሆኖ ክፍያው እንደተፈጸመ ፋይሉን በመዝጋት የውል ማስከበሪያውን ዋስትና ወዲያው የሚመልስ መሥሪያ ቤት በቀጣዮቹ ወራት አቅራቢውን የሚያስገድድበትን ዋነኛ መሣሪያ በገዛ እጁ ያስረክባል። በመሆኑም የግዥና የፋይናንስ ክፍሎች ማስከበሪያውን ከመመለሳቸው በፊት ዋስትናው ማለቁን፣ ያልተቋጨ የጥገና ጥያቄም አለመኖሩን ከአይሲቲና ከንብረት ክፍሎች በጽሑፍ ሊያረጋግጡ ይገባል።

በጥቅሉ ሲታይ ለዚህ ሥራ አዲስ መዋቅርም ሆነ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም። በየመሥሪያ ቤቱ ግዥውን የሚፈጽመው፣ ዕቃውን የሚረከበውና ማሽኑን የሚንከባከበው ክፍል የተለያየ በመሆኑ የዋስትናው ማብቂያ ቀን የማንም ኃላፊነት ሳይሆን ይቀራል። ለእያንዳንዱ ማሽን ተከታታይ ቁጥሩን፣ የተረከቡበትን ቀን፣ የዋስትናውን ማብቂያ ቀንና የአቅራቢውን አድራሻ የያዘ አንድ መዝገብ ተከፍቶ ኃላፊነቱ በስም ለታወቀ ሠራተኛ ቢሰጥ አብዛኛው ችግር ይቃለላል። ይኸው ሠራተኛ ዋስትናው ከማብቃቱ ሁለት ወር አስቀድሞ ማሽኖቹ ሁሉ እንዲፈተሹ ቢያሳስብ ተደብቀው የቆዩ ጉድለቶች በአቅራቢው ወጪ የሚስተካከሉበት የመጨረሻ ዕድል ይገኛል።

የዘንድሮው የበጀት መዝጊያ ከመድረሱ በፊት የመሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች በመጋዘናቸው ያሉ ያልተከፈቱ ካርቶኖችን ቆጥረው የእያንዳንዱን ዋስትና ማብቂያ ቀን እንዲያውቁ፣ በሥራ ላይ ላሉትም ያልቀረቡ የጥገና ጥያቄዎች ካሉ ጊዜያቸው ሳያልፍ በደብዳቤ እንዲያቀርቡ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።